በ19 ዓመቴ ለአንድ ሰመር ከኮንሰርቬሽን ኮር ጋር ለመሥራት አስቤአለሁ፤ የምታውቁ ምከሩኝ

ጥያቄ፦ የኮሌጅ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ከወላጆቼ ጋር በዲቪ ወደ አሜሪካ ከመጣን ጥቂት ዓመታት ሆኖናል፤ ግሪን ካርድ አለኝ፣ ዜግነት ግን ገና አልወሰድሁም። አሁን የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመቴን እየጨረስሁ ነው፤ ወደ አራት ዓመት ኮሌጅ ስዛወርም የአካባቢ ሳይንስ ማጥናት እፈልጋለሁ። በቅርቡ አንዲት መምህሬ ስለ ኮንሰርቬሽን ኮር ነገረችኝ። እነዚህ ድርጅቶች ወጣቶችን በትንንሽ ቡድን እያደራጁ በብሔራዊ ፓርኮችና በፌዴራል ደኖች ውስጥ የእግር መንገድ ያስጠግናሉ፣ ወራሪ ዕፅዋት ያስነቅላሉ፣ ለሰደድ እሳት መቀጣጠያ የሚሆነውን ቁጥቋጦም ያስመነጥራሉ። ካነበብሁት እንደተረዳሁት አብዛኞቹ አሜሪኮር ከተባለው የፌዴራል መንግሥት የአገልግሎት ፕሮግራም ጋር የተያያዙ ሲሆኑ፣ የጊዜ ግዴታውን ለጨረሰ ሰው ከኑሮ ድጎማው ሌላ ለኮሌጅ ክፍያ የሚውል ገንዘብ ይሰጣሉ።

ልቤ ወደዚህ አዘንብሏል፤ ሆኖም አንዳንድ ጭንቀቶች አሉብኝ። ድንኳን ውስጥ አድሬ አላውቅም፤ ስፖርትም ብዙ አልሠራም። ግሪን ካርድ ብቻውን ይበቃ እንደሆነ በእርግጠኝነት አላወቅሁም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አባቴ ነገሩን ሲሰሙ፣ «አሜሪካ ድረስ የመጣነው ዶማ እንድትይዢ ነው ወይ?» ብለው አዘኑ። እርሳቸውን ማስቀየም አልፈልግም፤ ሐሳቤንም ያለ በቂ ምክንያት መተው አልፈልግም። ሥራውን የሠራችሁ ወይም ልጆቻችሁን የላካችሁ፣ ምን ብጠይቅና ምን ብዘጋጅ ይሻላል ትላላችሁ?

መልስ፦ ድጅኖ

እህቴ፣ በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል በአባልነት፣ በኋላም በቡድን መሪነት ስለሠራሁ፣ ሥራው ራሱ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፤ የወረቀቱን ጉዳይ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ሰዎች እዚህ አሉ።

ቡድኑ ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ሰው ይሆናል፤ አንድ ወይም ሁለት መሪ ይኖረዋል። የሥራው ዙር ሂች ይባላል። አንዳንድ ድርጅቶች በቀን አሥር ሰዓት አራት ቀን አሠርተው ሦስት ቀን ያሳርፋሉ፤ ሌሎች ደግሞ ስምንት ቀን በተከታታይ አሠርተው ስድስት ቀን ያሳርፋሉ። በሂቹ ቀናት የምትተኚው ድንኳን ውስጥ ነው፤ ምግብም በተራ ይበሰላል። ጠዋት ገና ጎህ ሲቀድ ትነሺያለሽ፤ መሪው የዕለቱን ሥራና አደጋዎቹን ያስረዳል፤ ሰውነታችሁን ታፍታታላችሁ፤ ከዚያም መሣሪያችሁን ተሸክማችሁ ወደ ሥራው ቦታ ትሄዳላችሁ። ቦታው ከሰፈሩ አጠገብ ሊሆን ይችላል፤ የአንድ ሰዓት ዳገት ሊሆንም ይችላል።

የእግር መንገድ ሥራ ከሆነ የደረሰሽ፣ አብዛኛው ድካምሽ ከውኃ ጋር መሆኑን አስቀድመሽ እወቂ። በተራራ ላይ ያለን ጠባብ መንገድ የሚያፈርሰው ዋናው ነገር መንገዱን እንደ ቦይ ይዞ ቁልቁል የሚወርደው የዝናብና የበረዶ ውኃ ነው። ስለዚህ መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ በኩል ትንሽ እንዲያዘነብል አድርጎ ማስተካከል፣ በየተወሰነ ርቀትም ውኃውን ወደ ጎን የሚቀለብስ የድንጋይ ወይም የግንድ መሰናክል መቅበር፣ ያለፈው ዓመት ቡድን የሠራው ደለል ሞልቶት ከሆነም መጥረግ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ተራ ቁፋሮ ይመስላል። ነገር ግን ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ በደረቅ ቀን ቆሞ መገመት ዓይን የሚጠይቅ ዕውቀት ነው፤ አካባቢ ሳይንስ ለምታጠና ሰው ስለ አፈር መሸርሸር ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላየሁም። ጥሩ የተቀበረ ድንጋይ ሰው ሲቆምበት አይነቃነቅም፤ እርሱን እንዲህ ለማስቀመጥ ግን ሁለት ሰው በድጅኖ እየፈነቀለ፣ እያነሣና እንደገና እያስቀመጠ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ከመሣሪያዎቹ አብዛኞቹ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደሉም፦ ዶማ፣ አካፋ፣ መጋዝ፣ ድጅኖ። ፑላስኪ የሚሉት በአንድ በኩል መጥረቢያ፣ በሌላው በኩል መቆፈሪያ ነው፤ ስሙን ያገኘው ኤድ ፑላስኪ ከተባለውና በ1910 በአይዳሆ በተነሣው ታላቅ ሰደድ እሳት ጊዜ ባልደረቦቹን በማዕድን ዋሻ አስገብቶ ብዙዎቹን ካተረፈው የደን ጠባቂ ነው።

በ1964 በወጣው ሕግ መሠረት ዊልደርነስ ተብለው በተከለሉ ቦታዎች ውስጥ የሞተር መሣሪያ መጠቀም በመርሕ ደረጃ የተከለከለ ስለሆነ፣ በመንገድ ላይ የወደቀ ትልቅ ግንድ እዚያ የሚቆረጠው ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ በሚጎትተው ረጅም መጋዝ ነው። መጋዙን ወደ ራስሽ ትጎትቺያለሽ እንጂ አትገፊም፤ ከገፋሽ ይጎብጣል። ባልደረባሽ ሲጎትት እጅሽን አላልተሽ መተው ለብዙ ሰው ከመጎተቱ ይልቅ ይከብዳል። በሌሎች ቦታዎች የሞተር መጋዝ አለ፤ ሆኖም ሥልጠናውን ሳትወስጂና ብቃትሽ ሳይረጋገጥ ማንም አያስይዝሽም። ገና በመጀመሪያው ቀን መጋዝ ሊያስይዝሽ የሚፈልግ ድርጅት ካጋጠመሽ እርሱን ተዪው።

ወራሪ ዕፅዋት ማጥፋት ደግሞ ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይፈልጋል። በደቡብ ምዕራብ በወንዞች ዳር የተስፋፋው ታማሪስክ ተቆርጦ ጉቶው ወዲያው መድኃኒት ካልተቀባ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ይቀባል፣ ሌላው ቅርንጫፉን ይጎትታል፤ ነገም ከነገ ወዲያም እንዲሁ ነው። ውብ መልክዓ ምድር በፎቶ አይቶ የሚመጣ ወጣት የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው። ስታመለክቺ ቡድኑ የሚሄድበትን ፓርክ ስም ብቻ ሳይሆን የትኛውን ሥራ እንደሚሠራ ጠይቂ።

ስለ አካላዊ ብቃት ብዙ አትጨነቂ። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ አብዛኛው ሰው ይለምደዋል። አሁን ማድረግ የምትችዪው፣ የምትለብሺውን ጫማ ገዝተሽ በዚያው ጫማ፣ በጀርባሽ ሸክም ይዘሽ፣ ደረጃና ዳገት ባለበት በየሳምንቱ ደጋግሞ መሄድ ነው። አዲስ ቦቲ ይዞ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ሂች እግሩ ውኃ ይቋጥራል። የራስ ቁር፣ ጓንት፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ ድርጅቱ ሊሰጥሽ ይገባል፤ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ደግሞ አንዳንዱ ያውሳል፣ አንዳንዱ አያውስም፤ ስለዚህ ሳትጠይቂ አትግዢ። ከጥጥ የተሠራ ልብስ በተራራ ላይ ሲረጥብ ቶሎ ስለማይደርቅና ሙቀት ስለማይዝ፣ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሻላል።

በእኔ እይታ ሰው ይህን ሥራ አቋርጦ የሚሄደው ጉልበት ስላነሰው አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከማይመርጣቸው ሰባት ሰዎች ጋር ቀን አብሮ ሠርቶ፣ ማታ አብሮ በልቶ፣ ዝናብ ሲሆንም አንድ ሸራ ሥር ተጠግቶ መዋል ስለሚከብደው ነው። ቅሬታሽን ሳታፈኝም ሳትጮሂም በዕለቱ መናገር ከቻልሽ፣ ከማንኛውም ስፖርተኛ ይልቅ ትበረቻለሽ።

መልስ፦ የውል አንባቢ

ወንድማችን ሥራውን በደንብ ስላስረዳ እኔ በወረቀቱ ላይ አተኩራለሁ፤ ለአንድ ወጣት ኪሳራም ሆነ ጥቅም የሚመጣው በአብዛኛው ከዚያ ነውና።

በመጀመሪያ፣ ግሪን ካርድ ይበቃሻል። የአሜሪኮር አባል ለመሆን የአሜሪካ ዜጋ ወይም ሕጋዊ ቋሚ ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል፤ በዲቪ የመጣ ሰውም ቋሚ ነዋሪ ነው። የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና ያላለቀና የሥራ ፈቃድ ብቻ ያላቸው ወጣቶች ግን በዚህ መንገድ መግባት አይችሉም፤ ይህን የምለው ሌሎችም አንባቢዎች ስላሉ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሰዓት ነው። ለኮሌጅ ክፍያ የሚውለው ገንዘብ፣ ማለትም የትምህርት ሽልማቱ፣ የሚሰላው በገባሽበት የሰዓት ግዴታ ነው። የሙሉ ጊዜው 1,700 ሰዓት ሲሆን፣ የሽልማቱ መጠን በየዓመቱ የፌዴራል መንግሥት አቅም ለሌላቸው የኮሌጅ ተማሪዎች ከሚሰጠው ከከፍተኛው የፔል ግራንት ጋር እኩል ይሆናል፤ ፔል ግራንቱ 7,395 ዶላር በነበረበት ስሌት 900 ሰዓት የጨረሰ ሰው 3,697 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ 450 ሰዓት የጨረሰ ደግሞ 1,956 ዶላር ገደማ ያገኛል። ለአንድ ሰመር የሚስማማሽ ይህ የመጨረሻው ነው፤ በሳምንት 40 ሰዓት ሲሠራ ከ11 ሳምንት ትንሽ በላይ ይወስዳልና። እዚህ ላይ ቀን መቁጠሪያሽን አውጪ፦ ኮሌጅሽ በኦገስት መጨረሻ የሚከፈት ከሆነና ቡድኑ በጁን አጋማሽ የሚጀምር ከሆነ፣ ሰዓቱ ሳይሞላ ትምህርት ሊጀመር ይችላል። ሰዓቱን ሳትጨርሺ ለትምህርት ወይም ለሌላ ሥራ ብለሽ ከሄድሽ ሽልማቱን በአጠቃላይ ታጫለሽ። በከባድ ሕመም ወይም በመሳሰለው አስገዳጅ ምክንያት የወጣ ሰው ግን ከግዴታው ቢያንስ 15 ከመቶውን ሠርቶ ከሆነ በሠራው ልክ ሊሰጠው ይችላል።

ሽልማቱ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም። ለኮሌጅ ወይም ለፌዴራል የተማሪ ብድር አበዳሪ በቀጥታ ይከፈላል፤ አገልግሎቱ ካበቃበት ቀን ጀምሮ ሰባት ዓመት ድረስ መጠቀም ይቻላል። በተጠቀምሽበት ዓመት እንደ ገቢ ስለሚቆጠር የፌዴራል ግብር ይታሰብበታል፤ ብዙዎች ይህን የሚያውቁት ታክስ ሲሞሉ ነው። የኑሮ ድጎማውም እንዲሁ ግብር አለበት፤ ደግሞም በሰዓት የሚታሰብ ደመወዝ ስላልሆነ ረጅም ቀን ስለሠራሽ ትርፍ ሰዓት አይከፈልሽም። ስለዚህ «በየሁለት ሳምንቱ ስንት ይሰጣል?» ብቻ ሳይሆን «በሂች ቀናት ምግብ ከማን ነው? በዕረፍት ቀናትስ የት ነው የማድረው?» ብለሽ ጠይቂ። ሁለተኛው ጥያቄ በተለይ ይረሳል። ስድስት ቀን ዕረፍት ማለት ማረፊያ ካልተሰጠሽ ስድስት ሌሊት በራስሽ ወጪ ማደር ማለት ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። አንዳንድ ፕሮግራሞች የፐብሊክ ላንድስ ኮር መስፈርት ያሟላሉ፤ በዚያ ሥር 640 ሰዓት የጨረሰና ዕድሜው ከ30 ያልበለጠ ሰው፣ ለሁለት ዓመት ያህል በፌዴራል የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ለሚወጡ የተወሰኑ ሥራዎች ከሕዝብ ጋር ሳይወዳደር የመቀጠር ዕድል ይኖረዋል። ይህን እንደ ትልቅ ማባበያ ያቀርቡልሻል፤ ትልቅም ነው። ነገር ግን የፌዴራል ሥራ በአጠቃላይ ዜግነት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ እና 450 ሰዓት ብቻ ከሠራሽ ቁጥሩ ስለማይሞላ፣ ለአንቺ በዚህ ሰመር ብዙም አይረባም። ዜግነት ለመውሰድ የቀረብሽ ከሆነ ረዘም ያለውን ግዴታ ለቀጣይ ዓመት ማቆየት ሳይሻል አይቀርም።

በመጨረሻም የገንዘቡን ምንጭ ጠይቂ። በኤፕሪል 2025 መንግሥት ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የአሜሪኮር ድጋፍ በመሰረዙ፣ በሥራ ላይ የነበሩ አባላት በድንገት እንዲበተኑ ተደርጓል፤ በርካታ ክፍለ ግዛቶችም ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደውታል። ስለዚህ «የዚህ ቡድን በጀት ጸድቋል ወይስ ይጠበቃል? ቢቋረጥ የሠራሁት ሰዓት ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ተደርጎ አይታይም። መልሱንም በኢሜይል አስጽፊው።

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት

ልጄ፣ አባትሽን አልፈርድባቸውም። የእኔም የመጀመሪያ ልጅ ተመሳሳይ ነገር ሲጠይቀኝ የተናገርሁት ከእርሳቸው የከፋ ነበር። የኋላ ኋላ ልቤን ያለዘበው ታሪኩን ማንበቤ ነው። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1933 ሥራ ያጡ ወጣቶችን ወደ ደንና ወደ ፓርክ ያሰማራበት ሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮር እስከ 1942 ድረስ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጉ ወንዶችን አሠልፏል፤ የወር ክፍያቸው 30 ዶላር ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ 25ቱ በቀጥታ ለቤተ ሰብ ይላክ ነበር። ዛሬ በየፓርኩ የምንሄድባቸው ብዙ መንገዶችና የድንጋይ ግንቦች የእነርሱ ሥራ ናቸው። ከደመወዙ አብዛኛውን ወደ ቤት የሚልክ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ እኛ አባቶች ሳይነገረን እናውቃለን፤ ይህን ለአባትሽ ንገሪያቸው። ነገር ግን የዛሬው ድጎማ ለቤተ ሰብ የሚተርፍ ስላልሆነ፣ እንደሚተርፍ አድርገሽ ተስፋ አትስጫቸው።

ከዚህ ይልቅ አባትን የሚያሳምነው ጥያቄውን አስቀድሞ መመለስ ነው። እኔ ለድርጅቱ ስልክ ደውዬ የጠየቅሁት ይህን ነበር፦ ስልክ በማይሠራበት ቦታ ቡድኑ የሳተላይት መገናኛ ይይዛል ወይ? መሪዎቹ ምን ዓይነት የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና አላቸው? ልጄ ቢጎዳ በስንት ሰዓት ሐኪም ቤት ይደርሳል? ለሥራ ላይ ጉዳት መድን አለ ወይ? አንዱ ድርጅት በትዕግሥት መለሰልኝ፤ ሌላው «ይህ እስከ ዛሬ አልገጠመንም» አለኝ። ልጄ የሄደው ወደ መጀመሪያው ነው።

ስለ ኮሌጅ ደግሞ፣ አንድ ሰመር ብቻ ከሆነ ጉዳት የለውም። ከዚያ ካለፈ ግን ተጠንቀቂ፤ ተማሪ ከግማሽ ጊዜ በታች ሲሆን የፌዴራል ብድር የስድስት ወር የዕፎይታ ጊዜ መቆጠር ይጀምራል፤ ስኮላርሺፕም ካለሽ ቦታሽና ገንዘቡ እንደሚጠበቅልሽ በጽሑፍ ያዢ። አገልግሎት ላይ እያሉ የፌዴራል ብድርን ክፍያ ማቆየት ይቻላል፤ ማመልከት ግን የአንቺ ድርሻ ነው።

እኔ ከላይ ከመለሱት ጋር የምለይበት አንድ ነጥብ አለኝ። ድንኳን ውስጥ አድሮ ለማያውቅ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ የግድ የስምንት ቀን ሂች መሆን የለበትም። በከተሞች አቅራቢያ ቀን ሠርተው ማታ ወደ ቤት የሚመለሱ ቡድኖችም አሉ፤ የትምህርት ሽልማቱም የሚሰላው በሰዓት ስለሆነ ከሜዳ አዳሪው አይለይም። ከቤት ሳትርቂ ሥራውን ትቀምሺዋለሽ፤ አባትሽም ማታ ማታ ስትገቢ ያዩሻል።

የጠያቂዋ ተጨማሪ ጥያቄ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቀን ቡድን መኖሩን አላውቅም ነበር፤ ከአባቴ ጋር እርሱንም አንሥተን እንነጋገራለን። ሆኖም ልቤ አሁንም ወደ ሜዳው ስለሚያደላ ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሰመር ላይ ጾመ ፍልሰታ አለ፤ እንዲህ ባለ ሥራ ላይ መጾም ይቻላል? ሌላው ደግሞ ለመጠየቅ ትንሽ ያሳፍራል፤ መጸዳጃ በሌለበት ቦታ ሴቶች እንዴት ትሆናላችሁ?

መልስ፦ የጫካ እህት

አያሳፍርም እህቴ፤ እኛ ሴቶች ሁላችን መጀመሪያ የምናስበው እርሱን ነው።

መጸዳጃ በሌለበት ቦታ ከውኃ፣ ከመንገድና ከሰፈር 60 ሜትር ያህል ርቀሽ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ በትንሽ አካፋ ትቆፍሪያለሽ፤ ከተጠቀምሽ በኋላም በዚያው አፈር ትደፍኚዋለሽ። በረሃና የወንዝ ሸለቆ ውስጥ ግን በብዙ ቦታ እርሱም አይፈቀድም፤ ሁሉም በተዘጋጀ ከረጢት ተይዞ ይወጣል። የወር አበባ መጠበቂያ በየትኛውም ቦታ አይቀበርም፤ ውስጡ በማይታይ፣ በሚዘጋ ላስቲክ ተደርጎ ይወጣል። ድብ ባለበት አካባቢ ያ ላስቲክ ማታ ከምግቡ ጋር በድብ መከላከያው ሣጥን ውስጥ ያድራል እንጂ ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ ሳሙናና የጥርስ ሳሙናም እንዲሁ ነው። ሥርዓቱን መሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት ለወንዱም ለሴቱም በግልጽ ያስተምሩታል፤ በሁለተኛው ሂች ላይ ስለዚህ ጉዳይ የሚያፍር ሰው አይገኝም።

ስለ ጾሙ፣ ምግቡን በሁለት ከፍለሽ እዪው። ከሥጋና ከወተት መታቀቡ አይከብድም፤ በየቡድኑ እንስሳ ነክ ምግብ የማይበሉ ወጣቶች ስላሉ ምስር፣ ባቄላ፣ ሩዝና ኦቾሎኒ ሁልጊዜ ይገዛል። ግን ምግቡ ሂቹ ሳይጀመር በአንድ ጊዜ ስለሚገዛ፣ ሜዳ ከደረሱ በኋላ መናገር ዋጋ የለውም፤ ገና በማመልከቻው የምግብ ጥያቄ ላይ ጻፊው። እህልና ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በሙቀት ውስጥ ዶማ እየያዙ ውኃ አለመጠጣት ለሕይወት ያሰጋል፤ ብዙ ላብ አልቦ ጨው ያለው ነገር ሳይበሉ ውኃ ብቻ መጋትም የደም ጨውን አውርዶ ያሳምማል። ራስሽን ስተሽ ብትወድቂ ተሸክመው የሚያወጡሽ ባልደረቦችሽ ናቸው። ከመሄድሽ በፊት የንስሐ አባትሽን አማክሪያቸው፤ የሥራውን ሁኔታ በደንብ አስረጂያቸውና እርሳቸው የሚሉሽን ያዢ።

ማመልከቻውን በተመለከተ፣ የሰመር ቡድኖች ብዙውን ጊዜ በክረምቱ ወራት፣ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ይሞላሉ። ቃለ መጠይቁ በስልክ ወይም በቪዲዮ ነው፤ ከጉልበትሽ ይልቅ ከሰው ጋር ተጋጭተሽ እንዴት እንደፈታሽው ይጠይቁሻል። አንቺም በተራሽ ባለፈው ዓመት የሠራች አንዲት ሴት አባል እንዲያገናኙሽ ጠይቂ፤ ደህና ድርጅት ሳያቅማማ ያገናኝሻል።